ሳትመረመር የተቃጠለች ነጥብ

ነገሩ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ፣ እግሬን ጠረጴዛ ላይ ሰቅዬ ዜና አያለሁ። ባለቤቴ ቡና ይዛ ስትመጣ ቆም አለችና "ውስጥ እግርህ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ምንድን ናት?" አለችኝ። ግራ እግሬ ነው፤ ከትንሿ ጣት ዝቅ ብሎ፣ ቆዳው ወፈር የሚልበት ቦታ ላይ። ከጫማ የለቀቀ ቀለም መስሎኝ በምራቄ አሸት አሸት አደረግኳት። አልለቀቀችም። ባለቤቴ በሳሙናና በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ሞከረች። ምንም። የምስር ፍሬ ብታክል ነው። አታምም፣ አታሳክክም።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ማርያም የሳመችህ ትሆናለች፣ ድሮም ሳትኖር አትቀርም" አለች። ማርያም የምትስመው ግን ገና ስንወለድ ነው። እኔ ያኔ 44 ዓመቴ ነበር። ይህን ልብ ያለ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ሚኒባስ ታክሲ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ። ለታክሲ ነጂ ግራ እግር ማለት ፍሪሲዮን ነው፤ ከመገናኛ ሜክሲኮ እስክትደርስ ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ የነዳው ያውቀዋል። እና ሁሉንም በፍሪሲዮን አሳበብኩ። ነጥቧ ስትሰፋ፣ "ፔዳሉ እየፈተጋት ነው"። ዳር ዳሯ ሲዘበራረቅና አንድ ጎኗ ቡናማ፣ አንድ ጎኗ ድፍን ጥቁር ሲሆን፣ "ደም ቋጥራ ነው"። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ስፖርት በሚሠሩና ብዙ በሚቆሙ ሰዎች እግር ላይ ቆዳው ሥር ትንሽ ደም ይፈስና ጥቁር ሆኖ ይታያል። ልዩነቱ ያኛው ቆዳው ሲታደስ በሳምንታት ውስጥ አብሮ እየወጣ ይጠፋል። የእኔዋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከምስር ወደ ባቄላ አደገች።

የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው ብዬም አምን ነበር። ፀሐይ የሚያቃጥላቸው እነሱ ናቸው፣ እኛን ቀለማችን ይጠብቀናል። ግማሹ እውነት ነው። ሜላኖማ የሚባለው፣ ቀለም ከሚሠሩት ሴሎች የሚነሳው ካንሰር፣ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከነጮቹ በጣም ያነሰ ነው። ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ ነው። ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ማለትም እኛ ራሳችን የማናየው፣ ሐኪምም ጫማ አውልቁ ካላለ የማያየው ቦታ።

አሁን ወደ ስህተቶቼ ልግባ። ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ አንድ የታክሲ ተራ ጓደኛዬ አየና "ኪንታሮት ነው" አለኝ። ፋርማሲ ሄጄ ኪንታሮት የሚያነሳ ውሃ ገዛሁ። ማታ ማታ እቀባለሁ፣ ጠዋት ቆዳው ነጭ ሆኖ ይላጣል፣ ከሥሩ ጥቁሯ እንዳለች ናት። ለሁለት ወር ያህል ይህንን ሳደርግ ሁልጊዜ ነጩ ሲላጥ "እየሠራ ነው" እላለሁ። ከዚያ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ እሰርበት አለችኝ። አሰርኩበት፤ አቆሰለኝ እንጂ የጠቀመኝ የለም። የባለቤቴ ወንድም አለርት ሂድና ታይ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ አለርትን የማውቀው በሥጋ ደዌ ብቻ ነው፤ እዚያ በር ላይ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል ብዬ ቀረሁ። ሆስፒታሉ የቆዳ ሕመምን በጠቅላላ እንደሚያክም ያወቅኩት በኋላ ነው። አያሳዝንም? እግሬ ከሚድን ስሜ ይጠበቅ አልኩ ማለት እኮ ነው።

ትልቁን ስህተት ግን የሠራሁት በ2014 ታኅሣሥ ላይ ነው። ነጥቧ ከፍ ብላ ጎርበጥ ማለት ጀምራ ነበር፣ አንዳንዴም ካልሲዬ ላይ የደም ጠብታ አያለሁ። አንድ ክሊኒክ ገባሁ። የተቀበለኝ ባለሙያ አየት አደረጋትና "ይቺማ ቀላል ናት፣ በኤሌክትሪክ አቃጥለን እናነሳታለን፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም" አለኝ። ደስ አለኝ። ማደንዘዣ ወጋኝ፣ አቃጠለ። ሽታው የበዓል በግ እግር ሲለበለብ የሚሸተው ነው፣ እስካሁን በዓል በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የተነሳችውን ቁራጭ በወረንጦ ያዘና በጎዝ ጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ ጣላት። እኔም አመስግኜ፣ ከፍዬ፣ እያነከስኩ ወጣሁ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይቺን ያዙ። ቀለም ያለው ማንኛውም ነገር ከቆዳችሁ ላይ ሊነሳ ሲል "ናሙናው ወዴት ይሄዳል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ፣ ካልሆነ እግራችሁን ሰብስባችሁ ውጡ። ማቃጠል፣ በበረዶ ማድረቅ፣ በሌዘር ማንሳት መጥፎ ሆኖ አይደለም። ምንነቱ ከታወቀ በኋላ እንጂ ከመታወቁ በፊት የሚደረግ አይደለም። ከተቃጠለ በኋላ ምን እንደነበር የሚናገር ነገር አይቀርም።

ቁስሉ አልድን አለ። ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ፣ አሁንም ጎዝ እቀይራለሁ። ሁለት ዓይነት የቁስል ኪኒን ዋጥኩ፣ የፈንገስ ቅባትም ተሰጠኝ። በቁስሉ ዳር ደግሞ ጥቁሩ ተመልሶ፣ ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም እንደሚሰርገው ዓይነት እየሰረገ መጣ። አይቼው ካልሲዬን አጠለቅኩ። ለባለቤቴም አልነገርኳት።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቤተ ክርስቲያን እግር ለመታጠብ ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ቀኝ እግሬን ብቻ አውጥቼ ግራውን ወደ ኋላ ደበቅኩት። የሚያጥቡት ቄስ ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው ላይ የወይራ ቅጠል ተለጥፏል። ቀና ብለው ሳያዩኝ "ሌላኛውስ?" አሉ። "ቁስል አለው አባቴ" አልኩ። "ከመቼ ጀምሮ?" "ከጥምቀት በፊት ጀምሮ።" አሁን ቀና አሉ። "ከጥምቀት በፊት? ልጄ፣ ሦስት ወር ያልዳነ ቁስል ተሸፍኖ ይድናል ብለህ ነው? ጠበሉም የእግዜር ነው፣ ሐኪሙም የእግዜር ነው። የፋሲካ ሳምንት ይለፍ እንዳትል፣ ነገ ስቅለት ነው፣ ሰኞ ሂድ" አሉኝ። ሰኞ ሄድኩ። ያኔ ሐኪም ጋ ሂድ ሲባል የማልሰማ ሰው ነበርኩ፤ ለምን የሳቸው እንደገባኝ እኔንም ይገርመኛል።

የቆዳ ስፔሻሊስቷ ወጣት ናት፣ ልጄ ልትሆን ትንሽ ነው የሚቀራት። ገና ከመቀመጤ "ጋሼ፣ ሁለቱንም ካልሲ ያውልቁልኝ" አለች። መዳፌን፣ የሁሉንም ጣቶች ጥፍር፣ በጣቶቼ መሀል ሳይቀር አየች። ብሽሽቴን ዳሰሰች። ከዚያ ደርማቶስኮፕ የሚባል መብራት ያለው ትንሽ ማጉያ አውጥታ ቁስሉ ዳር ላይ አስጠጋችው። ዝም ብላ ረጅም ጊዜ አየች።

ቁስሉን ስታይ ያሰበቻቸውን አልደበቀችኝም። የደም መቋጠር ሊሆን ይችላል፣ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፣ ተራ ጥቁር ነጥብ ነበረና ማቃጠሉ ያበላሸው ሊሆን ይችላል፣ ከላብ ዕጢ የሚነሳና አልፎ አልፎ ቀለም የሚይዝ ብዙም የማይገጥም እባጭ አለ፣ እሱም ሊሆን ይችላል። ሜላኖማም ሊሆን ይችላል። "በዓይን ብቻ እነዚህን ለይቼ ብነግርዎ ዋሸሁዎት ማለት ነው" አለችኝ።

ግን ማጉያው ያሳያት ነገር ነበር፤ በስልኳ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። ውስጥ እግር በማጉያ ሲታይ የታረሰ ማሳ ነው የሚመስለው። ጉብ ጉብ ያሉ መስመሮች አሉ፣ በመሀላቸው ቦይ አለ። ጉብታው ላይ የላብ ቀዳዳዎች እንደ ነጭ ነጠብጣብ ተደርድረዋል። ጉዳት የሌለው ጥቁር ነጥብ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ቦዩን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ቀለሙ ጉብታው ላይ ከተኛ ያሠጋል። የእኔ ጉብታው ላይ ነበር። ገበሬ ቤት ስላደግኩ ይሄ ምሳሌ ወዲያው ገባኝ።

ቀጥላ ያቺን ጥያቄ ጠየቀችኝ። "የተቃጠለው ቁራጭ ውጤቱ ምን አለ?"

"ቅርጫት ውስጥ ነው የተጣለው።"

አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለትንሽ ጊዜ መስኮቱን አየች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥፍሬ ላይ ስላሉት ጥቁር መስመሮችም ጠየቅኳት፤ ሁለቱም አውራ ጣቶቼ ላይ ከወጣትነቴ ጀምሮ አሉ። በጥቁር ሰው ጥፍር ላይ እንዲህ ያለ መስመር፣ በተለይ ከአንድ በላይ ጥፍር ላይ ከሆነ፣ የተለመደ ነው አለችኝ። የሚያሳስበው በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄደው ነው። ጥቁሩ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ያለውን ቆዳ ከነካማ ቀጠሮ አይጠበቅም። ጥፍራችሁን ቀለም የምትቀቡ እህቶች፣ በወር አንድ ቀን አስለቅቃችሁ እዩት።

ለባዮፕሲ፣ ማለትም ለምርመራ ከቁስሉ ቁራጭ እንዲወሰድ፣ ሆስፒታል ተላክኩና ናሙናውን የወሰደው ሌላ ባለሙያ ነበር። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፣ በእንግሊዝኛ። ትልቁ ልጄ ከላይ እስከ ታች አነበበና "ካንሰር የሚል ቃል የለበትም አባዬ" አለኝ። በቃ! ጓደኞቼን ሰብስቤ ሉካንዳ ወሰድኳቸው፣ ቁርጥ አስመጣሁ፣ እግሬን ረሳሁት። ወደ ዶክተሯ የሄድኩት ከ12 ቀን በኋላ ነው፣ ያውም ለማመስገን።

ወረቀቱን አነበበችና "ጋሼ፣ ይሄ ወረቀት የለም አላለም። አላገኘሁም ነው ያለው" አለችኝ። የተወሰደው ናሙና ከላይ ከላይ ነው፤ የያዘው ቃጠሎው የተወውን ጠባሳ ነው። ጥቂት ያልተለመዱ ቀለም ሠሪ ሴሎች ታይተዋል፣ ለመወሰን ግን አይበቁም፣ ጠለቅ ያለ ናሙና ይላክልኝ ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ነበር። ልጄም እኔም አልፈነዋል።

እባካችሁ የፓቶሎጂ ወረቀት ከላከው ሐኪም ውጭ በሰው አታስተርጉሙ። "አልተገኘም" ሲባልም "ናሙናው በቂ ነበር ወይ?" በሉ። ውጤቱ ቀላል ነው ብሎ ነጥቡ ግን እያደገ ከሄደ ወረቀቱን ሳይሆን እግራችሁን እመኑ፣ ተመለሱ።

ሁለተኛውን ናሙና ራሷ ወሰደችው፣ ከሁሉም ከሚጠቁረውና ከሚወፍረው ቦታ፣ እስከ ሥሩ ጠልቃ። ከዚያ ቅጹን ስትሞላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። መቼ ታየ፣ ምን ያህል ነበር፣ መቼ ደማ፣ በምን ተቀባ፣ መቼ ተቃጠለ፣ ትክክል የት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ላይ የተጻፈው "የእግር ቁስል" ብቻ ነበር። ማይክሮስኮፕ ላይ የተቀመጠው ሐኪም እኛን አያየንም፤ የሚያየው ቁራጭና ወረቀት ነው። የቃጠሎ ጠባሳ ራሱ ሴሎችን እንግዳ ሊያስመስል ይችላል፣ ስለዚህ መቃጠሉን ካላወቀ ወደ አንዱ ወገን ሊሳሳት ይችላል። ለእናንተም ሲወሰድ ስልካችሁ ላይ ያለውን የድሮ ፎቶ አሳዩ፣ ታሪኩ ቅጹ ላይ መስፈሩን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ውጤቱ ሲመጣ ባለቤቴም አብራኝ ገባች። አክራል ሜላኖማ፣ ያ ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር የሚወጣው። ውፍረቱ "ቢያንስ 1.2 ሚሊ ሜትር"።

ይቺ "ቢያንስ" የምትለው ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ሜላኖማ ዋናው መለኪያው ስፋቱ ሳይሆን ወደ ታች ምን ያህል ጠልቋል የሚለው ነው፣ በሚሊ ሜትር። ከ1 በታች ሲሆን ቀጭን ይባላል፣ ተስፋውም ጥሩ ነው። ምን ያህል ዙሪያውን እንደሚቆረጥ፣ ንፍፊት የሚያወጡት ዕጢዎች መታየት እንዳለባቸው፣ ሁሉም በዚህ ቁጥር ነው የሚወሰነው። የእኔ ቁጥር የላይኛው ክፍሉ ቅርጫት ውስጥ ስለገባ እውነተኛው ስንት እንደነበር ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሐኪሞቹም ከፍ ያለ ነው ብለው ገምተው ነው ያከሙኝ።

ያን ማታ ልጄ ስልኩ ላይ ሲያነብ ቆየና "አባዬ፣ ቦብ ማርሊን የገደለው እኮ ይሄ ነው" አለ። የሚኒባሴ የኋላ መስታወት ላይ የቦብ ማርሊን ፎቶ ለጥፌ ስንት ዓመት ነድቻለሁ! እግር ኳስ ሲጫወት ተጎድቶ ሞተ ሲባል ነበር የምሰማው። በ1977 እ.ኤ.አ. የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር የታሰበው። እሱ ኳስ፣ እኔ ፍሪሲዮን። ጣቱ እንዲቆረጥ አልፈቀደም፣ ካንሰሩ ተሰራጭቶ በግንቦት 1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ አረፈ።

ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ "ትንሿ ጣት አብራ ትሄዳለች" ሲለኝ ለመከራከር አፌን አልከፈትኩም። ከዚያ በፊት ግን ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ነበረኝ። በአልትራሳውንድ ታየ፣ በመርፌ ተቀዳ፣ ውጤቱ እስኪመጣ የነበሩትን ዘጠኝ ቀናት አልተርክላችሁም። ከቁስሉ የመጣ ነው፣ ካንሰር የለበትም ተባለ። "ናሙናው በቂ ነበር?" አልኩ። ዶክተሯ ሳቀች። በቂ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ በራሱ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆረጡ፣ ከጭኔ ቆዳ ወስደው ሸፈኑት። የሚገርመው ከእግሬ ይልቅ ያንገበገበኝ ጭኔ ነው፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ የሆነ ነገር የተበላሸ መስሎኝ ተጨንቄ ነበር። እግር ለሳምንታት አይረገጥም። ከልብ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ክራንች ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ መጸዳጃ ቤት የሚቀመጡበት ወንበር አስገቡ፣ ጠያቂ ሲበዛ ባለቤታችሁ እንድትመልስ ንገሯት። እኔ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ታሪኩን ከምስሯ ጀምሮ እያወራሁ ራሴን አደከምኩ።

የፓቶሎጂ ወረቀቶቼን ሁሉ ኮፒ አድርጌ አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጫለሁ። ናሙናው ሰም ውስጥ ተቀብሮ ላብራቶሪ እንደሚቀመጥም ያኔ ነው ያወቅኩት። ሌላ ቦታ ሁለተኛ አስተያየት ብትፈልጉ እንደገና ሳትቆረጡ ያንኑ ማስመርመር ይቻላል። ጠይቁ፣ ቁጥሩንም ያዙ።

ሚኒባሷን ሸጥኩ። አሁን የሰው መኪና ነው የምነዳው፣ አውቶማቲክ፣ ፍሪሲዮን የለውም። መጀመሪያ ሰሞን ግራ እግሬ ባዶውን ወለል ይረግጥ ነበር። ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ ታየሁ፣ አሁን ቀጠሮው ረዘም ብሏል፣ እስካሁን ንጹሕ ነኝ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ባለቤቴ እግሬን መስኮት ጋ ወስዳ፣ የልጆቹን ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ መስታወት ወለል ላይ አድርጉ።

ባለፈው ወር ቀኝ እግሬ ተረከዝ ላይ አዲስ ጥቁር ነጥብ አየች። የጤፍ ፍሬ። ማስመሪያው ላይ አንድ ሚሊ ሜትርም አትሞላ። ሁለታችንም ዝም አልን። ሐሙስ ዕለት ዶክተሯ ጋ ነበርን። ካልሲዬን ከመጠየቋ በፊት አወለቅኩ። ማጉያውን አስጠጋች፣ እንደ ድሮው ረጅም ጊዜ አየች፣ ከዚያ ስልኳን አዙራ አሳየችኝ።

"የት ነው ያለው ጋሼ?"

አጎንብሼ አየሁ። "ቦዩ ውስጥ" አልኳት።

"ቦዩ ውስጥ" አለች። "ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ።"